ሁለት ወር ያስቸገረኝ ነገር እንዴት ተፈታ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቤቴ ሆኜ የሦስት ሱቆችን ሂሳብ እሠራለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ግን ቁጭ ብዬ አንድ ገጽ መጨረስ አቃተኝ። ጥፋቱ የድሬ ሙቀት ነው ብዬ ቬንቲሌተር ጨመርኩ፤ ወረቀት ከመበተን በቀር የፈየደው የለም። ከሰዓት ጫት ይዤም ሞከርኩ። ምርቃናው ሲመጣ ሂሳቡን ትቼ በሐሳቤ ሦስት ድርጅት ከፍቼ አመሸሁ!

መላው የተገኘው ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ስለ ተመስጦ ከሚለው ነው፦ ግቡ ግልጽ፣ ውጤቱ ወዲያው የሚታይ፣ ክብደቱም ከችሎታ ጋር የሚመጣጠን ሥራ ሰውን ይዞ ይሄዳል። "የወሩን ሂሳብ ልዝጋ" የሚለው የኔ ግብ ለካ አንዱንም አያሟላም። ቆራረጥኩት። በቀን የአንድ ሱቅ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ብቻ፣ ማለትም የሱቁን መዝገብ ከባንኩ ዝርዝር ጋር ማመሳከር፤ የተገናኘውን በእርሳስ ምልክት እያደረጉ መውረድ። ሰዓቱን ወደ ንጋቱ 11 አዞርኩ፣ ባጃጁ ሳይነሳ። ስልኩ እማዬ ክፍል ያድራል።

ማክሰኞ ዕለት የ180 ብር ልዩነት መጣ። ለ9 ሲካፈል 20፤ እንዲህ ለ9 እኩል የሚካፈል ልዩነት ብዙ ጊዜ የሁለት አሃዝ መገለባበጥ ነው። ጣቴን በመስመሮቹ ላይ ሳወርድ ተገኘ፦ 4,860 የነበረው 4,680 ተብሎ ተጽፏል። ቀና ስል ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ወጥታለች፣ አጠገቤ ያለው ሻይ ቀዝቅዟል። ማን እንዳስቀመጠው አላየሁም።

"ሦስቴ ጠርቼህ ዝም አልከኝ" አለች እማዬ ከበሩ ላይ፣ "አኩርፈሃል እንዴ?"