አምካኝ አንቲቦዲና ክትባት፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ቡና እየተጠጣ የክትባት ወሬ ከተነሳ «እኔ አንቲቦዲ አለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ከኮቪድ ወዲህ ቃሉ የሁሉም ሆኗል። ምን ዓይነት አንቲቦዲ? የትኛውን ቫይረስ ነው የሚያስቆመው? እዚህ ላይ ወሬው ይቆማል። ይህን የምጽፈው በተለይ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤናና የእንስሳት ሕክምና ለሚማሩ ልጆች፣ ደግሞም የምርምር ዜና ማንበብ ለሚወድ ሁሉ ነው።

አንቲቦዲ ሁሉ ያመክናል ብሎ ማሰብ

ቫይረስ ሲገባበት ሰውነት ብዙ ዓይነት አንቲቦዲ ያመርታል። አብዛኛው ቫይረሱ ላይ ይለጠፋል እንጂ አያስቆመውም። ሌባን በጋቢው ጫፍ እንደ መያዝ ነው፤ ጋቢውን ጥሎልህ ይሄዳል። አምካኝ የሚባለው፣ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበትን መንገድ የሚዘጋው ነው።

ኤችአይቪን አስቡ። ጤና ጣቢያ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው አንቲቦዲ ነው። ተገኘ ማለት ቫይረሱ ሰውየው ላይ አለ ማለት ነው፤ ከበሽታው ይጠበቃል ያለ የለም። ቫይረሱ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ አንቲቦዲው ሁልጊዜ ኋላ ይቀራል። ጥቂት ሰዎች ከዓመታት በኋላ ብዙ ዝርያዎችን የሚያመክን አንቲቦዲ ያወጣሉ። ተመራማሪዎች ያንን በክትባት ለማምጣት እየደከሙ ነው።

የቫይረሱን ቅርጽ መርሳት

በዚህ መስክ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። አርኤስቪ የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ፎርማሊን በተባለ ኬሚካል የተገደለ የአርኤስቪ ክትባት በሕፃናት ላይ ተሞከረ። አንቲቦዲ ወጣ፤ ሁሉም ደህና መሰለ። ወቅቱ ደርሶ ቫይረሱ ሲመጣ ግን፣ ተከትበው ከተያዙት ሕፃናት 80 በመቶ ያህሉ ሆስፒታል ገቡ። ይህን ክትባት ካልወሰዱት መካከል የገቡት 5 በመቶ ያህል ነበሩ። ሁለት የተከተቡ ሕፃናት ሞቱ።

የወጣው አንቲቦዲ ይለጠፋል፤ የማምከን አቅሙ ግን ደካማ ነበር። (ሌሎች የሰውነት መከላከያ ችግሮችም ነበሩበት፤ እነሱን ለሌላ ቀን።) ቫይረሱ ሴል ውስጥ ለመግባት የሚጠቀምበት ኤፍ የተባለ ፕሮቲን ሁለት ቅርጽ አለው፦ ከመግባቱ በፊት አንድ፣ ከገባ በኋላ ሌላ። ኃይለኞቹ አንቲቦዲዎች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ነው። ፎርማሊን የነካው ክትባት የያዘው በአብዛኛው ሁለተኛውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎቹ እነ ጄሰን ማክሌላንና ባርኒ ግራሃም የመጀመሪያውን ቅርጽ ለይተው፣ እንዳይለወጥ አድርገው አጸኑት። እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዛውንቶችና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጡ የአርኤስቪ ክትባቶች ጸደቁ። የፋይዘርና የሞደርና የኮቪድ ክትባቶችም የኮሮናን ሹል ፕሮቲን ቅርጽ ለማጽናት ይህንኑ ሐሳብ ተጠቅመዋል።

ቁጥሩን እንደ ፈተና ማለፊያ ነጥብ ማየት

አንቲቦዲ ማምከኑን የሚለካው ምርመራ እንዲህ ይሠራል። ሴረሙ፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ፣ በእጥፍ እየቀጠነ ይሄዳል፦ 1 ለ10፣ 1 ለ20፣ 1 ለ40። ለእያንዳንዱ የታወቀ መጠን ቫይረስ ይጨመርበትና ሴሎች ላይ ይፈስሳል። ከቀናት በኋላ ሴሎቹ እስከ የትኛው ቅጥነት ድረስ እንደተረፉ ይታያል። ኤላይዛ የተባለው ሌላው የአንቲቦዲ ምርመራ ይህን አያሳይም፤ የሚለካው መለጠፍን ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ልየታ ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ብቻውን ግን «ያመክናል» አያሰኝም።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚዘሏቸው ነገሮች አሉ። ሴረሙን በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ አንዱ ነው። ካልሞቀ በደም ውስጥ ያለው ኮምፕልመንት የተባለ የመከላከያ ፕሮቲኖች ስብስብ ራሱ ቫይረሱን ሊጎዳ ይችላል፤ አንተም አንቲቦዲው የሠራው ይመስልሃል። ቫይረስ ያልነካቸው ሴሎችንና ሴረም ያልገባበትን ቫይረስ ጎን ለጎን አለማስቀመጥ ደግሞ ሥራውን ገደል ይከታል። የጨመርከው ቫይረስ መጠኑ ትክክል መሆኑንም በዚያው ቀን እንደገና መለካት አለብህ።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላም ጥንቃቄ ያሻል። ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው መለኪያ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ለኢንፍሉዌንዛ ደግሞ በሌላ ዘዴ 1 ለ40 ይጠቀሳል፤ እሱም የመያዝ ዕድልን በግማሽ ያህል ይቀንሳል ተብሎ እንጂ ዋስትና ተብሎ አይደለም። የአንዱን ቤተ ሙከራ ቁጥር ከሌላው ጋር ያለ ጋራ መለኪያ ማወዳደር ትርጉም የለውም። ቁጥሩ ወረደ ማለትም ሁሉ ነገር አከተመ ማለት አይደለም። ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ ሲመጣ የማምከን አቅሙ በጣም ወርዶ ነበር። ያም ሆኖ ክትባቱ ከከባድ ሕመም መጠበቁን ቀጥሏል፤ በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን የሚያጠፉ ቲ ሴሎችም አሉና።

አንዱ ለሁሉም ይበቃል ማለት

ለኮምቦልቻና ለአካባቢው አርቢ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በክፉ ቀን ከብቱን የፈጀው ደስታ በሽታ ቫይረሱ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ የሠራው ክትባት የትኛውንም ዝርያ የሚያመክን አንቲቦዲ ያስወጣ ነበር። ሙቀት የሚችለው ዓይነት ሲገኝ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወርዶ በሚገኘው በአፋርም ማቀዝቀዣ ሳይዙ መከተብ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

አፍተግር ግን ሰባት ዓይነት ነው። ለአንዱ የተከተበ በሬ በሌላው ይያዛል። «ተከትቦ ታመመ፣ ክትባቱ ውሸት ነው» ከማለት በፊት የትኛው ዓይነት እንደገባ ማስመርመር ይሻላል። በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ ደግሞ አራት ዓይነት ሆኖ ይባስ ብሎ፣ ለአንዱ የወጣ ደካማ አንቲቦዲ ሌላው ሴል ውስጥ እንዲገባ ሊረዳው ይችላል።

የእናትን አንቲቦዲ አለመቁጠር

«ኩፍኝ እንዲህ አደገኛ ከሆነ ልጁ እንደተወለደ ለምን አይከተብም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕፃኑ ከእናቱ ማህፀን ይዞት የመጣው አንቲቦዲ በክትባቱ ውስጥ ያለውን ሕያው ቫይረስም ያመክነዋል። ክትባቱ ባክኖ ይቀራል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እስከ 9 ወር የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ለግልገልና ለጥጃም ያው ነው፤ እነሱ የሚያገኙት ከእንገር ነው።

በዛ ማለት ጠቀመ ብሎ ማሰብ

ውሻ የነከሰው ሰው፣ ቁስሉ ከባድ ከሆነ፣ ከክትባቱ ጋር ተዘጋጅቶ የመጣ አምካኝ አንቲቦዲ ይሰጠዋል። ክትባቱ የራሱን እስኪያስወጣ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ነው። መጠኑ በኪሎ ይሰላል፦ ከሰው የተገኘው በኪሎ 20 ዩኒት፣ ከፈረስ የተገኘው 40። ከዚህ ቢጨመር ክትባቱ ሊያስወጣ የሚገባውን አንቲቦዲ ሊያዳክም ይችላል። የሚወጋውም በዋናነት ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ነው። ክትባቱ ከተጀመረ 7 ቀን ካለፈም አይሰጥም፤ በዚያን ጊዜ ሰውነት የራሱን ማምረት ጀምሯል። ቤት ውስጥ የሚደረገው ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፦ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ።