በጅማ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያለ የታደሰ ባለ ሁለት መኝታ ቤት እንዴት ይገዛል?

በጅማ መሐል ከተማ፣ በተለይም በፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ጣሊያን ከተማዋን እስከ 1933 ዓ.ም. ይዞ በቆየባቸው ዓመታት የተሠሩ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ ሕንፃዎች ዛሬም ቆመዋል። ከእነዚህ በአንዱ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ ባለ ሁለት መኝታ» እንደሚሸጥ ሲሰሙ ደላላው አስቀድሞ የሚያሳይዎ አዲሱን ሴራሚክና ቀለሙን ነው። ገዢ ግን ከማኅደሩ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ሰነዱ የማያስኬድ ቤት የቱንም ያህል ቢያምር ግድግዳውን መመርመር ከድካም በቀር ትርፍ የለውም።

የሰነድ ምርመራ

በመጀመሪያ ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ያረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች (ባለቤቱ ከሚኖርበት ቤት ሌላ ያሉት) ሁሉ የመንግሥት ስለሆኑ፣ በመሐል ከተማ ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በኪራይ የተያዙ የመንግሥት ወይም የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ተከራይ በራሱ ገንዘብ ጣራ ቀይሮ፣ ወለል አንጥፎ፣ ሳኒታሪ አስገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወጪ ግን ባለቤት አያደርገውም፤ የሚያስረክብዎትም ቁልፉን ብቻ ነው። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ኮፒ ተቀብለው ወደ ከተማው የመሬት አስተዳደር በመሄድ ከዋናው ማኅደር ጋር ያመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም በጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ። ሰነዶቹ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ በመሆናቸው ቋንቋውን በደንብ የማያነብ ሰው «ገብቶኛል» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ማስተርጎም ይኖርበታል።

ካርታው የሻጩ ሆኖ ቢገኝም ሌላ ጥያቄ ይቀራል፤ ብዙ ገዢዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ካርታው የሚያሳየው አንዱን ቤት ነው ወይስ ሕንፃውን በሙሉ? በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቤት ለብቻው ተቆርጦ እንዲሸጥ፣ ሕንፃው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ሆኖ መመዝገብ፣ እያንዳንዱ ቤትም ከጣራው፣ ከደረጃውና ከግቢው ያለው ድርሻ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ይህ ካልተደረገ የሚገዙት ያልተከፋፈለ ድርሻ ይሆናል፤ ሌሎቹ የጋራ ባለቤቶችም ቅድሚያ የመግዛት መብታቸውን ይዘው ሊመጡብዎ ይችላሉ። «እኛ ወንድማማቾች በስምምነት ተከፋፍለነዋል» የሚለው መልስ በቤተሰቡ መካከል ይሠራ ይሆናል እንጂ ከቤተሰቡ ውጭ ለሆነ ገዢ ዋስትና አይሆንም።

ሻጩ ቤቱን በውርስ ያገኘ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቁ፤ በማስረጃው ላይ ስማቸው ያለ ወራሾች ሁሉ ራሳቸው ወይም ለመሸጥ ሥልጣን በሚሰጥ ልዩ ውክልና አማካይነት መፈረም አለባቸው። ባለትዳር ከሆነ የባል ወይም የሚስት ፊርማ፣ ካላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነም ቅርስን ከሚመለከተው ቢሮ ይጠይቁ፤ በቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ የተደረገ እድሳት ለገዢው የሚተርፍ ጣጣ አለው።

ቤቱን መመርመር

ለማየት የሚሄዱበትን ቀን እርስዎ ይምረጡ፤ ቢቻል ዝናብ በጣለ ማግስት ይሁን። በጅማ ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም ስለሚበረታ በዚህ ጊዜ ቤት የሚያይ ሰው ዕድለኛ ነው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባና ከመስኮቱ ሥር፣ በጉልበት ቁመት ላይ መዳፍዎን በግድግዳው ላይ አሳርፈው ጥቂት ይቆዩ። ግድግዳው ከቀዘቀዘና ከረጠበ፣ ቀለሙ እንደ ፊኛ ካበጠ፣ ወይም ነጭ ዱቄት መሰል ነገር በጣትዎ ላይ ከቀረ ውሃ ከመሠረቱ እየወጣ ነው። የድሮዎቹ የድንጋይ ግድግዳዎች በኖራ ሲሠሩ ርጥበቱን ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ያስተነፍሱት ነበር፤ በእድሳት ጊዜ በላያቸው ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ርጥበቱ መውጫ ያጣና ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። አዲስ ልስን ሁልጊዜ መልካም ዜና ነው ብዬ የማላምነው በዚህ ምክንያት ነው። ርጥበቱ ከላይ ከሆነ ግን በአብዛኛው የአሸንዳ ጉዳይ ነው፤ ጥገናውም ቀላል ነው።

ቀጥሎ የኮርኒሱን መግቢያ አስከፍተው በባትሪ ይመልከቱ። ካቻቢቴ ይዘው የጣራውን እንጨት ወጋ ወጋ ያድርጉ፤ ጫፉ ሳይቸገር ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ አለ። ጣራው የሁሉም ነዋሪዎች ከሆነ ማን እንደሚያድሰው፣ ወጪውም እንዴት እንደሚከፋፈል በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ መኖሩን ይጠይቁ።

«ሁለት መኝታ» የሚለውም መመርመር አለበት። በእነዚህ ሕንፃዎች አንድን ሰፊ ክፍል በቺፕውድ ወይም በጂፕሰም ከፍሎ ሁለት ማድረግ የተለመደ ስለሆነ የመለያያውን ግድግዳ በእጅዎ ያንኳኩ፤ ሁለተኛው ክፍል መስኮት ያለው መሆኑንም ይዩ። ከዚህ የሚከፋው ግን ግድግዳ ሲፈርስ ነው። በአሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ጣራውንና ፎቁን የሚሸከመው ግድግዳው ስለሆነ፣ ሳሎንና ኩሽና ለማገናኘት ተብሎ የተወገደ ግድግዳ ካለ የግንባታ ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ከበርና ከመስኮት ማእዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካዩም መሐንዲስ ሳያሳዩ አይቀጥሉ።

ለመብራቱ ምጣዱንና የውሃ ማሞቂያውን በአንድ ጊዜ ይለኩሱ። አምፖሉ ከፈዘዘ ወይም ብሬከሩ ከወረደ የታደሰው ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ፣ ሽቦው ግን የድሮው ሊሆን ይችላል። የውሃ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተው ግፊቱን ይመልከቱ፤ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ወደየትኛው ጉድጓድ እንደሚሄድና ጉድጓዱ በማን ግቢ ውስጥ እንዳለ ይጠይቁ።

ቀብድ፣ ውልና ክፍያ

ማኅደሩ ሳይጣራ ቀብድ አይስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሁለት ምስክሮች ፊት ሊፈረምና በሚመለከተው አካል ፊት ሊረጋገጥ ይገባል፤ በደላላ ቤት በወረቀት የተጻፈው «የስምምነት ሰነድ» ይህን አይተካም። ታክስ ለመቀነስ ዋጋውን አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም አልመክርም፤ ውሉ ቢፈርስ መልሰው ሊጠይቁ የሚችሉት በወረቀቱ ላይ ያለውን ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ብዙ ጊዜ በራሱ ግምት ያሰላል።

ከዋጋው ሌላ የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያና የአገልግሎት ክፍያ እንዳለ አይርሱ። በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ይዞታ) ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት፣ ማለትም መሬቱ ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ወደሚያዝበት ሥርዓት፣ ስለሚገባ፣ በእርስዎ ቤት ላይ ምን እንደሚያስከፍል ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ማን እንደሚከፍለውም በውሉ ያስገቡ። ከዋጋው የተወሰነውን ካርታው በስምዎ እስኪዛወር ድረስ ማስቀረት ሻጩን ለጉዳዩ እንዲሮጥ ያደርገዋል።

በርክክቡ ዕለት የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎችን ንባብ ፎቶ ያንሡ፤ ውዝፍ ዕዳ እንደሌለባቸው የሚያሳየውን ደረሰኝ ይቀበሉ። ቆጣሪዎቹ በስምዎ እስኪዛወሩ ሂሳቡ በሻጩ ስም ስለሚመጣ፣ ከመለያየትዎ በፊት የመታወቂያውን ቅጂና የደንበኝነት ውሉን ቁጥር ይያዙ።