ሰፈፍ ያለበትን ማር እቤት አጥልሎ ለሳል ማዋል፦ ከጅማ ገበያ እስከ ማንኪያው

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ሳል የማይገባበት ቤት የለም። እኛ ቤት ከመድኃኒት በፊት የሚወጣው የማር ጠርሙሱ ነው። ማር ሳልን ያለዝባል፤ ግን በደንብ ተመርጦ፣ እሳት ሳይነካው ተጠልሎ፣ በልኩ ቢሰጥ ነው ጥሩው። እኔ የማደርገውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ግዢው

ሐሙስ ገበያ በጠዋት ሂዱ። ከጌራ ጫካ የመጣ ማር ካገኛችሁ ቀለሙ አያሳስባችሁ። የገተማ ዛፍ ማር ነጭ ነው። የግራዋው ጠቆር ብሎ ምላስ ላይ መረር ይላል። ለሳል ሁለቱም ይሆናሉ።

ስኳር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማወቅ ክብሪት መጫር፣ ውሃ ውስጥ ማንጠባጠብ የሚባለው ነገር አያስተማምንም። ስለዚህ እኔ የምገዛው ከነእንጀራው ነው። እንጀራው ላይ ጉድጓዶቹ በስስ ሰም መከደናቸውን እዩ፤ ንቦቹ የሚከድኑት ማሩ በስሎ ውሃው ሲቀንስ ነው። ያልተከደነው ከበዛ ማሩ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይቦካል። አረፋ ካወጣና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው ተዉት። የረጋውን፣ አሸዋ የመሰለውን ግን አትፍሩት። ንጹህ ማርም ይረጋል።

ማጥለሉ

ዕቃው ንጹህና ደረቅ ይሁን፤ ጠብታ ውሃ እንኳ አይኑርበት። እንጀራውን ትሪ ላይ አድርጋችሁ ነጫጭ እጭ ያለበትን ቁራጭ በቢላ ቆርጣችሁ አውጡ። የሞቱ ንቦችንም ልቀሙ። ከዚያ ድስት አፍ ላይ ስስ ሻሽ ወጠር አድርጋችሁ እሰሩና ማሩን ፈረካክሳችሁ ላዩ ላይ አድርጉት። በርና መስኮት ዝጉ፤ ካልዘጋችሁ የሰፈሩ ንብ ሁሉ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ እኔ አንዴ ረስቼ ልጆቹን ይዤ ጓሮ ወጥቼ እስኪመሽ ጠብቄያለሁ።

መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቆይቶ እንደ ወርቅ ክር ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ ታች ሲደርስ ወዲያው አይሰምጥም፣ ትንሽ ተቆልሎ ነው ቀስ ብሎ የሚተኛው። ወፈር ያለ ማር እንዲህ ነው። አትጭመቁት፤ ሲጨመቅ ይደፈርሳል። ምሽቱ ከቀዘቀዘ ድስቱን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። የተጠለለውን ወለላ ከድናችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰምና አረፋ በማንኪያ ግፈፉ።

ቶሎ እንዲወርድ ብላችሁ እሳት ላይ እንዳትጥዱት! ንቦች ማሩ ውስጥ የሚጨምሩት ኢንዛይም አለ። ማሩ በውሃ ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚፈጥረው እሱ ነው፣ ማር ጀርምን ከሚከላከልባቸው መንገዶች አንዱም ይሄ ነው። ከፍተኛ ሙቀት ይህን ኢንዛይም ያጠፋዋል። ወለላው በኋላ ከረጋባችሁ ጠርሙሱን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ይበቃዋል።

ክዳኑ የሚገጥም የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት፣ ፍሪጅ አያስፈልገውም። እርጥብ ማንኪያ ብቻ አታስገቡበት።

ለሳል አሰጣጡ

ማታ ከመተኛት በፊት ነው ጥሩው ሰዓት። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከ6 እስከ 11 አንድ ማንኪያ፣ ከ12 ጀምሮ ሁለት። እንዲሁ ይላስ፣ ወይም ለብ ባለ ውሃ። ዝንጅብል ሻይ ውስጥ ከሆነ ሻይው ትንሽ ይብረድለት። ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ጥርሳቸውን ይቦርሹ።

ትኩሳቱ ከጠና፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም አክታው ደም ካለው ማሩን ትታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳልም የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል፣ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው የሚሰጠው።

ማን አይቅመስ

እዚህ ላይ አደራ እላችኋለሁ። አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቀምስም፣ በጣት ጫፍም ቢሆን። ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። እኛን አይጎዳንም፣ የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን አድጎ መርዝ ያመነጫል፤ ሕፃኑ ይዝላል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ትንፋሹ ይደክማል። ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም። የመጀመሪያዋ ልጄ በተወለደች ሰሞን አክስቴ በትንሽ ስኒ ማር ይዛ መጣች። «ምላሷን ላስነካት፣ አንደበቷ ይጣፍጥ» አለች። «እቴቴ፣ ዓመቷን ስትደፍን አንቺው ታቀምሻታለሽ» ብዬ ስኒውን ተቀበልኳት። ቅር አላት። ዓመቷ ሲሞላ ግን ያቀመሰቻት እሷው ናት።

ስኳር ያለባችሁም ተጠንቀቁ። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ይባላል፣ ግን ማር ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 60 ካሎሪ ገደማ አለው። አስም ወይም የንብ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ከአበባ ዱቄት (ፖለን)፣ ከንብ ሙጫ (ፕሮፖሊስ) እና ንቦች ንግሥታቸውን ከሚመግቡት ከሮያል ጄሊ ይራቅ፤ ከባድ አለርጂ ሊያስነሱ ይችላሉ።

ጣዝማ ማር ካገኛችሁም ሕጉ ያው ነው። መሬት ውስጥ የምትኖረው የማትናደፍ ትንሽ ንብ ማር ነው። ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ውድ። ውሃው ስለሚበዛ ቶሎ ይቦካል፣ ጥቂት ገዝታችሁ ቶሎ ጨርሱት። ቁስል ላይ ግን ጣዝማም ሆነ ሌላ የገበያ ማር አታፍስሱ። ሐኪም ቤት ለቁስል የሚውለው ማር ጀርሙ በጨረር የተገደለ ነው።

የቀረው

ሻሹ ላይ የቀረውን ሰፈፍ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ውሃው የዕለቱ ብርዝ ይሆናል፣ ያኔውኑ ጠጡት። ሰሙን ውሃ ውስጥ በቀስታ አቅልጡት፤ ሲበርድ ላዩ ላይ ይጋገራል፣ አንስታችሁ አድርቁት። ከዚያ አንድ እጅ ሰም ከአራት እጅ ዘይት ጋር በትንሽ ጣሳ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ በማቆም አቅልጡና ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጡት። ሲረጋ ለደረቀ ከንፈርና ለተሰነጠቀ ተረከዝ ይሆናል። ተረከዝ ላይ ማታ ቀብታችሁ ካልሲ አድርጉበት።