የጄት ጀልባዬ ሞተር ሙሉ ነዳጅ እየሰጠሁት ዙሩ አልወጣ ሲል እንዴት እንደፈታሁት

ጄት ጀልባ ሞተሩ በሚያዞረው ፓምፕ ውሃ ስቦ ወደኋላ እየረጨ ነው የሚሄደው። ድሮ ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው በደቂቃ 4800 ዙር የሚመታው ሞተር 4300 ላይ ቆሞ ከዛ በላይ አልወጣ አለ፣ ጀልባውም ቀርፋፋ ሆነ። 500 ዙር ትንሽ ይመስላል ግን ጄት ላይ በጣም ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) የሚበላው ጉልበት በዙሩ ኪዩብ (ዙር × ዙር × ዙር) ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ 4300 ላይ ወደ 28 ፐርሰንት የሚሆን ጉልበት ጠፍቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው ወይስ ፓምፑ ጋ የሚለው ነው። ዙሩ ከድሮው በላይ ወጥቶ ጀልባው ካልሄደ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፣ ወይ ኢምፔለሩ ተበልቷል፣ ወይ የውሃ መግቢያው ላይ ሳር ተጠምጥሟል። ዙሩ ወርዶ ፍጥነቱም አብሮ ከወረደ ግን መጀመሪያ ሞተሩን ጠርጥሩ። ጄት ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው፣ እንደ ፕሮፔለር የጀልባው ጭነት ዙሩን ብዙም አይቀይረውም፣ ሰው ሞላም አልሞላም ያው ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ የሞተሩን ሁኔታ በደንብ ይነግራችኋል።

ብቻ የዙር ቆጣሪው ራሱ እንዳይዋሽ በሌላ የእጅ ቆጣሪ አመሳከርኩት፣ ልክ ነው። ካንዴላና የቤንዚን ፊልትሮ ደህና። ከዛ ሞተሩን አጥፍቼ ጓደኛዬ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲገፋው ካርቡሬተሩ ውስጥ ሳይ የአየር በሯ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተችም! ለካ ከመስጫው ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ገመድ ሽፋን የያዘው ቡሎን ላልቶ ሽፋኑ ወደኋላ ይንሸራተታል። መልሼ አጥብቄ ገመዱን አስተካከልኩት፣ መስጫው ሲመለስ በሯ በደንብ መዘጋቷንም አየሁ፣ ይሄን እንዳትዘሉት፣ ውሃ ላይ አልዘጋ ካለ በጣም አደገኛ ነው። አሁን 4800 ተመልሷል።