ለሰብል ጉዳት የሚሰጥ ድጋፍ፦ ስምን ከዝርዝር የሚያስቀሩ ስህተቶች

በወሎ፣ በቃሉ ወረዳም ይሁን በደሴ ዙሪያ፣ ውርጭ ወይም በረዶ ማሳ በመታ ቁጥር ከወራት በኋላ ያው ክርክር ይነሳል፦ «ለእገሌ ደረሰው፣ እኔ ቀረሁ።» ክርክሩ ግን የሚሸነፈው በክፍያው ቀን አይደለም፤ ጉዳቱ ሲመዘገብና ስም ሲነበብ ዝም የተባለ ጊዜ ነው።

ሳያስመዘግቡ ማሳውን ማንሳት

ውርጭ የመታው ገብስ ለከብት ይታጨዳል፣ ማሳው ይገለበጣል፤ የግብርና ባለሙያው ሲደርስ የሚያየው አፈር ነው። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣው ወሎን ሲወር ጤፉና ማሽላው ሊሰበሰብ የደረሰበት ወቅት ስለነበር የተረፈውን ለማዳን መሯሯጡ ግድ ነበር። ያም ሆኖ በልጅ ስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ቀኑንና የሰብሉን ዓይነት መጻፍ፣ ድንበርተኛ ጎረቤት ማስፈረም ሰዓት አይፈጅም። ባለሙያው የመዘገበውን ቁጥርም ያንብብልዎ። ጥማዱ ወደ ሄክታር ሲቀየር (አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ነው) አንዴ ከተሳሳተ ማስተካከሉ ጭንቅ ነው።

ስም ከሚነበብበት ስብሰባ መቅረት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የልማታዊ ሴፍትኔት (በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ) አሠራር የተመለመሉት ሰዎች ዝርዝር በአደባባይ ተለጥፎ ቢያንስ ሳምንት እንዲቆይና በነዋሪው ስብሰባ እንዲጸድቅ ያዛል። የድንገተኛ እርዳታው የራሱ መመሪያ ቢኖረውም ያንኑ መጠየቅ ነውር የለበትም። ችግሩ ስብሰባው በገበያ ቀን ይጠራል፣ ወይም ዝርዝሩ ቢሮ ውስጥ ይለጠፍና በሩ ይቆለፋል። ጁምዓ ከስግደት በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነገርልን ማለት ይቻላል፤ ሰው ያለው እዚያ ነው። ባል የሞተባቸው እናቶችና አቅመ ደካሞች ደግሞ የሚነግራቸው ከሌለ ጨርሶ አይሰሙም። ከጎጡ አንድ ሰው ዝርዝሩን ይዞ በየቤቱ ቢዞር ምን አለበት?

የጭነት መኪና ቆጥሮ መክሰስ

ኮምቦልቻ የመጠባበቂያ እህል መጋዘን ያለባት ከተማ ናት። ከዚያ የሚወጣው እህል ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ዞኖችም ይሄዳል። «በዓይናችን እያየን አለፈ» የሚለው ክስ የትም አያደርስም። የሚያደርሰው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ለቀበሌያችን ስንት ተመደበ? ስንት ደረሰ? በምን መስፈርት ተከፋፈለ?

ቅሬታን በቃል ብቻ ማቅረብ

ለሊቀመንበሩ መንገድ ላይ የተነገረ አቤቱታ ማስረጃ አይሆንም። በሴፍትኔት አሠራር መልማዩ ግብረ ኃይል ሌላ፣ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሌላ ነው፤ ማመልከቻው ለሁለተኛው ይገባል። በሁለት ኮፒ ይጻፍ፣ አንዱ ላይ ቀንና ማህተም ተደርጎበት እጅዎ ላይ ይቅር።

«ሚስጥር ነው» ሲባል መመለስ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የተጠየቀ መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለ አቤቱታው ለኃላፊው፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ወሎ መደበቅ የሚያስከፍለውን ያውቃል፤ የ1965 እና 66ቱ ረሃብ ሲሸፋፈን ስንቱ አለቀ። በቅርቡም በ2015 ዓ.ም. እርዳታ ወደ ሌላ እጅ እየገባ ነው ተብሎ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በመላ አገሪቱ የምግብ አቅርቦቱን ለወራት አቋርጠው ነበር። ሌላው ባጠፋ ጦሙን ያደረው ተረጂው ነው።

ግልጽነት ሲባል ግን ዝርዝሩን ከነባንክ ሒሳቡና ከነስልክ ቁጥሩ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ አይደለም። ስም፣ ጎጥና መጠን ይበቃል። የቀረው ለአጭበርባሪ ሲሳይ ነው።

ባዶ ቅጽ ላይ አሻራ ማሳረፍ

ይህ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። መጠኑ ካልተሞላ አይፈርሙ፤ ከተሞላው ያነሰ ከተቀበሉም የተቀበሉትን ልክ ከፊርማዎ አጠገብ ያስጽፉ።