መቃብር የገባች ካርድ እንዴት ድጋሚ ትሠራለች? የፍላሽባክ አጠቃቀም

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ስጀምር መቃብር የሚባለውን ቦታ እንደ ቆሻሻ ቅርጫት ነበር የማየው። ካርዷ ሥራዋን ጨረሰች፣ መቃብር ገባች፣ አለቀ። አንድ ቀን ተጋጣሚዬ እጁ ላይ አንድም ካርድ አልቀረውም። አሸነፍኩ ብዬ ዘና አልኩ። ሰውዬው መቃብሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና ሁለት ካርድ ከዚያ አንስቶ ጉድ ሠራኝ። ፍላሽባክን የተዋወቅኩት እንዲህ ነው።

ፍላሽባክ ማለት መቃብር የገባችን ካርድ ከዚያው አንስቶ ድጋሚ መጫወት ነው። የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ኦዲሲ ከተባለው የካርድ ስብስብ ጋር ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1997፣ ባይባክ የሚባል ሌላ ዘዴ ነበር። ተጨማሪ ማና (ካርድ ለመጫወት የሚከፈለው ኃይል) ከከፈላችሁ ካርዷ ወደ እጃችሁ ትመለሳለች፤ በሚቀጥለው ተራም እንደገና፣ ከዚያም እንደገና። ካፕሳይዝ የምትባለዋን ካርድ የገጠመ ሰው ያውቀዋል። ስድስት ማና ያለው ተጋጣሚ በየተራው አንድ ነገራችሁን ወደ እጃችሁ ሲመልስባችሁ ማምሸት ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ አልነግራችሁም። ፍላሽባክ ግን ልክ አለው። ከመቃብር የምትጫወቱት አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ ካርዷ ወደ ግዞት፣ ማለትም ከጨዋታው ውጭ ወደሆነ ቦታ፣ ትሄዳለች።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ካርዷ ላይ ሁለት ዋጋ እንዳለ ልብ በሉ። ፋየርቦልትን እንውሰድ። ቀኝ ጥግ ላይ ያለው ዋጋ አንድ ቀይ ማና ነው፤ ከእጃችሁ ስትጫወቷት የምትከፍሉት ይሄን ነው። ታች ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ የፍላሽባክ ዋጋዋ አለ፦ ከማንኛውም ዓይነት አራት፣ በዚያ ላይ አንድ ቀይ፣ በድምሩ አምስት። ሁለቱም ጊዜ የምታደርሰው ጉዳት ሁለት ነው። በኦዲሲ ዘመን የታተሙት ካርዶች ላይ ከስሙ በስተግራ ትንሽ የመቃብር ድንጋይ ምልክት ስላለች መቃብራችሁን ስታገላብጡ ቶሎ ዓይን ውስጥ ትገባለች። የኋለኞቹ ላይ ያቺ ምልክት ስለሌለች ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው።

ዋጋው ሁልጊዜ ማና ብቻ አይደለም። ዲፕ አናሊሲስ ሁለት ማና ከሦስት የሕይወት ነጥብ ጋር ትጠይቃለች። ካባል ቴራፒ ጭራሽ ማና አትፈልግም፤ ከፍጡሮቻችሁ አንዱን መሥዋዕት አድርጉ፣ ማለትም ወደ መቃብር ስደዱ ነው የምትለው።

ቀጥሎ ካርዷን መቃብር ውስጥ ማስገባት ነው። ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንደኛው መንገድ ግልጽ ነው፤ ከእጅ ትጫወቷታላችሁ፣ ሥራዋን ስትጨርስ ራሷ ትገባለች። ሁለተኛው መንገድ ይበልጣል፤ ጭራሽ ሳትጫወቷት ትጥሏታላችሁ። ፍላሽባክ ካርዷ በምን በኩል መቃብር እንደገባች አይጠይቅም።

ይሄን በምሳሌ እንየው። ሮር ኦፍ ዘ ዉርም ስድስት በስድስት (ጥቃቱም ጽናቱም ስድስት) የሆነ ትልቅ ዘንዶ መሰል ፍጡር ታመጣለች። ከእጅ ሰባት ማና ነች። ሰባት መሬት (ማና የሚሰጡት ካርዶች) እስክትደረድሩ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል። ፍላሽባኳ ግን አራት ማና ብቻ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ መሆን አለበት። አሁን የመጀመሪያ ተራችሁ ነው እንበል። ቀይ ማና የሚሰጠውን መሬት፣ አንድ ተራራ፣ አወረዳችሁ፣ በአንዷ ቀይ ማና ፌዝለስ ሉቲንግን ተጫወታችሁ። ሁለት ካርድ ትስባላችሁ፣ ከዚያ ሁለት ትጥላላችሁ። ከምትጥሏቸው አንዷ ሮር ትሁን። በየተራው መሬት ካገኛችሁና ከመካከላቸው አንዱ አረንጓዴ ማና የሚሰጠው ደን ከሆነ፣ አራተኛው ተራ ላይ ያ ግዙፍ ፍጡር ጠረጴዛው ላይ ነው። ሉቲንግ ራሷም በሦስት ማና ፍላሽባክ አላት። ጉልበቷ ሲበዛ ሞደርን በሚባለው የውድድር ዓይነት በ2019 ታግዳ ነበር፤ የተፈታችው በ2024 መጨረሻ ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ካርዷን ከመቃብር አንሱና ጠረጴዛው መሃል አስቀምጡ። «ፍላሽባክ» በሉ፣ ዒላማ ካላት ዒላማችሁን ተናገሩ፣ መሬቶቻችሁን አጋድማችሁ ክፈሉ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ጊዜ ላይ ነው። ፍላሽባክ የካርዷን ዓይነት አይቀይርም። ሶርሰሪ ከሆነች በራሳችሁ ተራ፣ በዋናው ምዕራፍ፣ ሌላ የሚጠበቅ ነገር በሌለበት ብቻ ነው የምትጫወቷት። ፋየርቦልትን በተጋጣሚ ተራ ላይ ልተኩስ ብዬ እጄን የሰበሰብኩበት ጊዜ አለ። እንደ ቲንክ ትዋይስ ያለች ኢንስታንት ከሆነች ግን በተጋጣሚ ተራም ይቻላል።

ሥራዋን ስትጨርስ ወደ ግዞት። ተጋጣሚ በካውንተር ቢያከሽፍባችሁም ያው ግዞት ነው። «አልሠራችም እኮ፣ ወደ መቃብር ልመልሳት» አይሠራም። የግዞት ካርዶችን ከመቃብሩ ራቅ አድርጋችሁ ለብቻ ደርድሩ፤ ሁለቱ ክምር ከተቀላቀለ ጭቅጭቅ ነው።

አንድ የምትፈሩት ነገር ቢኖር ቶርሞድስ ክሪፕት ነች። ዋጋዋ ዜሮ ነው፤ ተጋጣሚያችሁ አጋድሞ መሥዋዕት ካደረጋት መቃብራችሁን ሙልጭ አድርጋ ወደ ግዞት ትልካለች። መድኃኒቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። ካርዷን ለመጫወት ካነሳችኋት ቅጽበት ጀምሮ መቃብር ውስጥ የለችም፤ ያኔ ክሪፕትን ቢጠቀም እሷን አይነካትም። በራሳችሁ ተራ በሉቲንግ ከጣላችሁ በኋላም ቅድሚያ የመጫወት መብቱ የእናንተ ነው። ማናው ካላችሁ የጣላችኋትን ወዲያው አንሱ፣ መሃል ለመግባት ዕድል አያገኝም። ክሪፕት ፊት ለፊታችሁ ተቀምጣ ሦስትና አራት የፍላሽባክ ካርድ መቃብር ውስጥ ማከማቸት ግን ሁሉንም በአንዴ አስረክቦ መነሳት ነው። አንዷን ጣሉ፣ ተጠቀሙባት፣ ከዚያ ቀጣዩዋን።