መሬት አበጠ ብላችሁ ቀን አትቁረጡ

ፈንታሌና ዶፈን የተባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መንቀጥቀጡ ከበረታ ወዲህ የሳተላይት ራዳር ምስል፣ ማለትም በሁለት ቀን የተነሳን ጥንድ አነጻጽሮ መሬት ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በቀለም የሚያሳየውን፣ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ተለምዷል። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ከምስሉ ሥር የሚጻፈው ነገር ግን አንዳንዴ ደም ያፈላል። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

"መሬቱ አብጧል፣ ሊፈነዳ ነው።" ኧረ ተዉ! አሉቶን እዩት፣ ዝዋይና ላንጋኖ መሃል ያለውን። በ2004 እና በ2008 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያስ? ቀስ እያለ ወረደ፣ አለቀ። ሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ ደግሞ ለዓመታት በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየጨመረ ነው የኖረው። ጣሊያን፣ ኔፕልስ ዳር ያለው ካምፒ ፍሌግሬይማ ከ1982 እስከ 1984 ድረስ 1.8 ሜትር ገደማ ተነስቶ፣ ሰው ከፖዙኦሊ ከተማ እንዲወጣ ተደርጎ፣ ሳይፈነዳ ቀረ። ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ የቀለጠ አለት፣ ከታች መጥቶ እዚያው ጥልቀት ላይ ሊቀመጥና ሊቀዘቅዝ ይችላል። የጋለ ውሃና ጋዝም ብቻቸውን መሬት ያነሳሉ።

"እንግዲያው እብጠት ምንም አይደለም" የሚለው ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው። አሜሪካ፣ ሴንት ሄለንስ ተራራ በ1980 ሰሜናዊ ጎኑ በቀን ወደ 2 ሜትር ሲገፋ ከርሞ ግንቦት ወር ላይ ተናደና ፈነዳ። ግን ልብ በሉ፤ የሚገፋበት ፍጥነት እስከ መጨረሻው ብዙም አልተለወጠም። ልኬቱ ማግማው የት እንዳለ ተናገረ እንጂ ቀኑን አልተናገረም።

"መሬቱ ወርዷል፣ ስለዚህ አልፏል።" ይሄኛው ይብሳል። መስከረም 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ ተራራ ሲወርድ፣ ከሥሩ የነበረው ማግማ ወደ ጎን እየሄደ ነበር። ቀጥ ያለ ግድግዳ መስሎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል አለቱን ሰንጥቆ ገባ፣ መሬቱንም ቦታ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ከፈተው። እንዲህ ዓይነቱን ዳይክ እንለዋለን። ዳይክ ሲገባ ከላዩ ያለው መሃለኛው መሬት ይሰምጣል፣ ግራና ቀኙ ይነሳል። ጀማሪ መሃሉን ብቻ ያይና "ማግማው ሄደ" ይላል፤ እሱ ግን እዚያው ከሥሩ ነው! ዳባሁ ላይ ያን ጊዜ የወጣው ትንሽ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) ነበር። እስከ 2010 ደግሞ ሌሎች ዳይኮች ተከታትለው ገቡ፣ ላቫ፣ ማለትም ገጽ ላይ የሚፈስ ማግማ፣ ይዘው የወጡት ጥቂቶቹ ናቸው።

ቀይ ቀለም አደጋ አይደለም። ቀለሞቹ ይቆጠራሉ። ሴንቲኔል 1 በተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ምስል አንድ ሙሉ የቀለም ዙር ማለት መሬቱ ወደ ሳተላይቱ 2.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀርቧል ወይም ርቋል ማለት ነው፤ በቃ።

በአንድ ምስል አትፍረዱ። አየር ውስጥ ያለ እርጥበት የራዳሩን ሞገድ ያዘገየዋል። ተራራ ላይ ደግሞ ውጤቱ እውነተኛ እብጠት ይመስላል፣ ያውም ክብ ሆኖ፣ አምሮ። በተለያዩ ቀናት የተነሱ ብዙ ጥንድ ምስሎችን አነጻጽሩ። በአንዱ ቀን ብቻ የሚታይ ነገር ካለ የዚያ ቀን አየር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ራዳሩ የሚያየው ከላይ ወደ ጎን በሰያፍ ነው። "ወደ ሳተላይቱ ቀረበ" ማለት "ወደ ላይ ተነሳ" ማለት አይደለም፤ ወደ ጎንም ተገፍቶ ሊሆን ይችላል። ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲሄድና ወደ ደቡብ ሲመለስ ያነሳውን ሁለቱንም ሳታዩ አትጻፉ።

ፈንድቶ ሲያበቃ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ኤርታሌ በሐምሌ 2025 ከፈነዳ በኋላ ማግማው ከመሬት በታች ወደ ደቡብ፣ ወደ ጎረቤቱ እሳተ ገሞራ ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ ሲሄድ በራዳር ታይቷል። ኅዳር ላይ ሃይሊ ጉቢ ራሱ ፈነዳ፣ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ። በሐምሌ ወሬው ሁሉ ኤርታሌ፣ ኤርታሌ ነበር።

እና እባካችሁ፣ አዲስ ስንጥቅ አፉ ላይ ቆማችሁ ቪዲዮ አትቅረጹ። ከላይ ጠባብ የሚመስለው ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ዝናብ ሲመጣ ጠርዙ ይናዳል።